ማዶ፦ የልጆች መጽሐፍ እየሠራሁ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ፣ መነሻው

ለልጆች የጀብዱ መጽሐፍ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሦስት የአንድ ቤት ልጆች አሉ። ሐና 13 ዓመቷ ነው፣ ናኦድ 10፣ ትንሿ ደግሞ 6። ትንሿን ሁሉም "ሚጡ" ነው የሚላት። ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ሐና ዓይኗን ጨፍና ትቆጥራለች። ሚጡ እንደ ወትሮው ቶሎ ትገኛለች። ናኦድ ግን አይገኝም። መጽሐፉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ወደ አስማቱ ዓለም ስለሚያስገባው በር ብዙ አሰብኩ። ቁም ሳጥን፣ መስታወት፣ የዛፍ ግንድ፣ ሁሉም ብዙ ጊዜ የተሠራባቸው ናቸው። ድብብቆሽ ግን የትኛውም ልጅ ዛሬውኑ ሊከፍተው የሚችል በር ነው። ቁልፍ አይፈልግ፣ ዕቃ አይፈልግ። ታሪኩም የጠፋ ወንድምን ፍለጋ ስለሆነ ጨዋታው ለታሪኩ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሐና መቶ ላይ ማቆም ሲገባት ዓይኗን ሳትገልጥ መቁጠሯን ትቀጥላለች። በዙሪያዋ ያለው ድምፅ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ዓይኗን ስትገልጥ ማዶ ናት፤ ሚጡም እጇን እንደያዘች አብራት አለች።

የዓለሙም ስም ያው "ማዶ" ነው።

መጽሐፉን ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ሥዬ፣ በእጄ ልጠርዘው ነው ያሰብኩት። 96 ገጽ፣ በኤ5 መጠን (የኤ4 ወረቀት ግማሽ)። ለምን 96 እንደሆነ ጥረዛው ላይ ስደርስ እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ ማታ፣ የአስማቱ ዋጋ

አስማት በነፃ ከሆነ ታሪክ የሚባል ነገር የለም። ችግር ሲመጣ ጀግናው በትሩን ያነሳል፣ አለቀ። ልጆች ይህን ከአዋቂ ቀድመው ነው የሚነቁበት። "ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን እንደዛ አላደረገም?" ይላሉ፣ ትክክል ናቸው። ስለዚህ አንድም ምዕራፍ ሳልጽፍ ዋጋውን መወሰን ፈለግኩ።

ዋጋው ትዝታ ነው። ማዶ ውስጥ ወንዝ የሚሻገር ሰው ድልድዩ ላይ ቀረጥ ይከፍላል። ቀራጩ ወርቅም ብርም አይቀበልም። አንድ ትዝታ ትነግረዋለህ፣ ነግረህ ስትጨርስ ትዝታው ከአንተ ይወጣል። ድልድዩን ተሻግረህ ወዲያ ስትደርስ ምን እንደሰጠህ እንኳ አታውቅም።

ለምን ትዝታ? እህትና ወንድምን ከጓደኛ የሚለያቸው ይህ ስለሆነ ነው። አብረውህ ያደጉ ሰዎች የልጅነትህ ምስክሮች ናቸው። አንተ የረሳኸውን እነሱ ይዘውታል። ሐና የሰጠችውን ሚጡ ታስታውሰዋለች፣ ምክንያቱም ያኔ እሷም እዚያው ነበረች። ይህን ሳስበው ልቤ ዘለለ። ዋጋው በቀጥታ የሚነካው ሦስቱን ልጆች ያስተሳሰረውን ነገር ነው።

በእህትና በወንድም ላይ የተጻፈ የአስማት ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ፈተና እሰጠዋለሁ። ልጆቹን አውጥቼ በምትካቸው ሦስት ጓደኛሞችን ባስገባ ምን ይለወጣል? ምንም ካልተለወጠ ዝምድናው ጌጥ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ከወንድሙ ጋር ያለውን ነገር ጌጥ አድርጎ አያየውም። በአንድ ቀን ውስጥ ይጣላዋል፣ ይቀናበታል፣ ይሟገትለታል። ያ ሁሉ አስማቱ ውስጥ መግባት አለበት። እያንዳንዱን ምዕራፍ የምመዝነው በዚህ ነው።

ሕጎቹን በአንድ ወረቀት ጽፌ ከጠረጴዛው በላይ ለጠፍኩ። ለአንድ ድልድይ አንድ ትዝታ ይበቃል፣ ከተሻጋሪዎቹ ማንም ይክፈለው። የሌላ ሰው ትዝታ አይከፈልም። ወንዙ በሰፋ መጠን የሚጠየቀው ትዝታ ይከብዳል። የተከፈለ አይመለስም። ቀራጩ አያጭበረብርም።

የመጨረሻዋ ሕግ ላይ ቆየሁ። ክፉ ቀራጭ መጻፍ ቀላል ነው፤ መጨረሻ ላይ ትጥለዋለህ፣ ልጆች ያጨበጭባሉ። ሐቀኛ ቀራጭ ግን የሚሸነፍበት ነገር የለውም። ዋጋውን ቀድሞ ይናገራል፣ ማንንም አያስገድድም፣ ከተባለው በላይ አይወስድም። ልጆቹ በጉልበት ሊያልፉት አይችሉም። መምረጥ አለባቸው፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ቅዳሜ፣ ካርታው

ቀኑን ሙሉ ካርታ ስስል ዋልኩ። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ ታሪክ የሰጠኝ ይህ ሥራ ነው።

ካርታ ስትስል ወንዝን በዘፈቀደ ማስመር አይቻልም። ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ከተራራ የሚወርዱ ትንንሽ ጅረቶች ይገናኛሉ፣ የተገናኙት እንደገና ከሌላ ጋር ይገናኛሉ፣ ታች ሲደርሱ አንድ ሰፊ ወንዝ ይሆናሉ። ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚበታተነው መጨረሻው አካባቢ ነው፤ መሬቱ ለጥ ሲልና ያመጣው ደለል ሲከማችበት። ስለዚህ ከላይ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከታች አንድ ወፍራም መስመር ሣልኩ።

ከዚያ እርሳሱን አስቀምጬ ካርታውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ዋጋው እንደ ወንዙ ስፋት ነው ብያለሁ። ታዲያ ወደ ምሥራቅ መሻገር የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው ማለት ነው። በላይኛው መንገድ ከሄደ አምስት ትንንሽ ድልድዮች ያገኛል፣ አምስት ትንንሽ ትዝታዎች ይከፍላል። በታችኛው ከሄደ ድልድዩ አንድ ብቻ ነው፣ የሚከፈለውም አንድ ከባድ ትዝታ ነው። ታችኛው አጭር ነው። ላይኛው ረጅምና ዳገት ነው።

ናኦድ ብቻውን ነበር፣ ቸኩሏል፣ ደግሞ ዕድሜው 10 ነው። አጭሩን መንገድ መረጠ። ለሰፊው ወንዝ የሚመጥን አንድ ትዝታ ሲጠየቅ ያለው ትልቁ ነገር እህቶቹ ነበሩ። እነሱን ከፈለ።

የመጽሐፉ ሆድ ይኸው ነው። ከወንዝ አፈሳሰስ የተገኘ ስለሆነ ደግሞ ማንም "ደራሲው እንዲህ ስለፈለገ ነው" ሊለኝ አይችልም። ካርታውን የሚያይ ልጅ ራሱ በጣቱ እየተከተለ ይደርስበታል።

የካርታው ልኬት 1 ሴንቲ ሜትር ለ3 ኪሎ ሜትር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ይዘህ ስትሄድ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር መሄድ ደህና ነው፤ ዕረፍቱን ስትቀንስ በቀን አምስት ሰዓት ገደማ ነው የምትራመደው። ያ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ካርታው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር። የላይኛው መንገድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሐናና ሚጡ ስድስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ናኦድ በታችኛው መንገድ ሁለት ቀን ነው የወሰደበት። በየምሽቱ የሚያድሩበትን ቦታ በነጥብ ምልክት አደረግኩ። ከዚህ በኋላ "ብዙ ተጉዘው" የሚል ዓረፍተ ነገር መጻፍ አያስፈልገኝም። የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ጨረቃ

አጭር ሥራ፣ ግን መደረግ ያለበት። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ በፈለገችበት ሰዓት ስትወጣ ደስ አይለኝም፤ ሰማይ የሚያይ ልጅ ያውቃል። የጨረቃ ዙር 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ሙሉ ስትሆን የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ገና ስትወለድ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ በኩል ለጥቂት ጊዜ ትታይና ትከተላታለች።

እህትማማቾቹ ማዶ የገቡት ቀጭን ጨረቃ በታየችበት ምሽት እንዲሆን አደረግኩ። ስድስተኛው ሌሊት ላይ ግማሽ ትሆናለች ማለት ነው። ግማሽ ጨረቃ እኩለ ሌሊት አካባቢ ትጠልቃለች። ስለዚህ ናኦድን የሚያገኙበት ሌሊት እስከ እኩሌታው ብርሃን አለው፣ ከዚያ ድፍን ጨለማ ነው። የዚያን ምዕራፍ ሰዓት ጨረቃዋ ወሰነችልኝ።

ሐሙስ፣ ሚጡ

ሚጡን በተመለከተ አንድ ጭንቀት ነበር። ትዝታ ገንዘብ በሆነበት ዓለም ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ድሃ ናት። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ነገር ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የሆነ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ነው። ሚጡ ያላት የሦስት ዓመት ትዝታ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሐና የአሥር ዓመት አላት። ትንሿ ልጅ ተጎታች ሆና እንዳትቀር ፈራሁ። ታናናሽ ልጆች በብዙ ታሪክ ውስጥ የሚድኑ እንጂ የሚያድኑ አይደሉም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ስለ ልጆች ትውስታ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካው ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ልጆች ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ከእናቶቻቸው ጋር ስለ አንዳንድ ገጠመኞች ሲያወሩ ቀዱ። ከዓመታት በኋላ ስለ እነዚያው ገጠመኞች ልጆቹን ጠየቁ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ሆነው የተጠየቁት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያስታውሱ ነበር። 8 ወይም 9 ዓመት ሲሞላቸው የተጠየቁት ግን 40 በመቶ እንኳ አልሞሉም።

የሚጡ ቦታ ተገኘ። የሕፃንነት ትዝታ የሚረግፈው ልክ በሚጡና በናኦድ ዕድሜ መካከል ነው። ሐና ብዙ ዓመት ኖራለች፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አጥታለች። ሚጡ ጥቂት ነው የኖረችው፣ ግን ያላት ትኩስ ነው። ሐና የማታውቃቸውን ትንንሽ ነገሮች ይዛለች፦ ናኦድ ሊያስተኛት ሲል የሚያንጎራጉራትን ዜማ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን መደበቂያ፣ ጥርሷ ሲወልቅ የነገራትን ውሸት። ቀራጩ ሚጡን ሲያይ መጀመሪያ "አንቺ ምን አለሽ?" ይላታል። ከዚያ ስታወራ ከመቀመጫው ይነሳል።

ያን ትዕይንት ዛሬ ጻፍኩት። ከእጄ የወጣው በአንድ ጊዜ ነው፣ አንድም ቃል መንካት አልፈለግኩም።

እሑድ፣ ልጆች ፊት

የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ለዘመድ ልጆች ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ናቸው። አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ነው ያደረግኩት፤ ከመኝታ በፊት "አንድ ብቻ!" ሲባል አንባቢው እሺ ማለት እንዲችል።

ልጆች ሲሰሙ ፊታቸውን እንጂ የሚናገሩትን አትመን። "ደስ ይላል" ሁሉም ይላል። እግራቸውን ማወዛወዝ የጀመሩበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። የጫካው ገለጻ ላይ አወዛወዙ፤ አንዱ አንቀጽ ይወጣል። ድልድዩ ላይ ሁሉም ፀጥ አሉ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ጠየቀች፦ "ለምን መጥፎ መጥፎውን አይሰጡትም?"

ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! እውነትም፣ የሚያሳፍረውን፣ የሚያስፈራውን፣ ያስለቀሰህን ሁሉ ለቀራጩ አራግፈህ ቀልለህ መሄድ ትችላለህ። ሕጉ አይከለክልም። ሌላው ልጅ ቀጠለ፦ "እኔ ብሆን የተገረፍኩበትን ቀን ነበር የምሰጠው።"

ይህ ጥያቄ የራሱን ምዕራፍ ወለደ። ሦስተኛው ድልድይ ላይ ሐና በትክክል ይህን ታደርጋለች። ትንሽ ልጅ ሳለች እሳት ያቃጠላትን ቀን ትሰጣለች። ቀራጩ ይቀበላል፣ ምንም አይልም። ማታ እሳት አንድደው ሲቀመጡ ፍሙ ያምራታል፤ እጇን ትዘረጋለች። ሚጡ ጮኻ ክንዷን ትይዛታለች።

"ምን ሆንሽ?" አለች ሐና።
"እሳት እኮ ነው!"
"እና?"
ሚጡ የእህቷን እጅ ገለበጠችና መዳፏ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየቻት። "ይሄ ከምን የመጣ ይመስልሻል?"
ሐና ጠባሳውን አየችው። እውነት ከምን እንደመጣ አታውቅም ነበር።

መጥፎ ትዝታም ሥራ እንዳለው የሚናገር አንድም ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ጠባሳው ይበቃል።

ሌላም ጥያቄ መጣ፦ "ሲመለሱም ይከፍላሉ?" ይህን አስቤበት ነበር። በድብብቆሽ ወደ ገቡበት ዓለም መውጫውም ድብብቆሽ ነው። የተደበቀው ሰው ሲገኝ ጨዋታው ያልቃል፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ግን ተደባቂው ራሱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ "ተገኘሁ" ማለት አለበት። እህቶቹን የማያውቅ ልጅ ደግሞ ለማያውቀው ሰው "ተገኘሁ" አይልም። የመጨረሻው ምዕራፍ በሙሉ የሚንጠለጠለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ጉም ውስጥ ያለው ገደል

አራተኛው ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ ያልፋል፤ ጉም ሞልቶታል፣ ወዲያ ማዶው አይታይም። ሁለት መሻገሪያዎች አሉ። ጠባቡን ማወቅ አለባቸው፣ ሐና የቀሯትን ትዝታዎች መቆጠብ ጀምራለች።

ሚጡ የገደል ማሚቶ ታስታውሳለች። ናኦድ ነበር ያስተማራቸው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጮኸህ ድምፅህ ከወዲያኛው ግድግዳ ተመልሶ እስኪመጣ አንድ ሰከንድ ከወሰደ፣ ሄዶ መመለሱ ስለሆነ ገደሉ ያለው በግማሹ፣ በ170 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከ17 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ማሚቶው ከራስህ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፣ ለይተህ አትሰማውም።

ሐና ይህን አታውቅም። ናኦድ ይህን ያስተማረበትን ቀን ትዝታ ሁለተኛው ድልድይ ላይ ሰጥታዋለች። ሚጡ ግን "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" እያለች ሰከንድ መቁጠር አልረሳችም። በመጀመሪያው መሻገሪያ "ናኦድ!" ብላ ትጮኻለች፣ ሁለት ትቆጥራለች። በሁለተኛው አንድ። ሁለተኛውን ይመርጣሉ።

የምትጮኸው ስም የወንድሟ እንዲሆን የወሰንኩት መጨረሻ ላይ ነው። ገደሉ ስሙን መልሶ ይጠራል። ለሥዕሉም ጥሩ ገጽ ይሆናል፤ ሙሉ ነጭ ጉም፣ ጥግ ላይ ሁለት ትንንሽ ልጆች።

ዓርብ ሌሊት፣ ናኦድ ተገኘ

እስካሁን የፈራሁት ምዕራፍ ይህ ነበር። ወንድማቸው እንደማያውቃቸው እንዴት ይታያል? "ናኦድ ትዝታውን አጥቶ ነበር" ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ልጅ ሲነገረው አይሰማውም። ናኦድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሐናን "እታበባ" ነው የሚላት። ሲቆጣት እንኳ "እታበባ፣ ተይኝ!" ነው። አንባቢው ለምዶታል።

"ናኦድ!" አለች ሐና።
ልጁ ዞር አለ። ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነበር።
"አንቺ ልጅ፣ መንገድ ጠፍቶሽ ነው?" አላት።
ሚጡ የእህቷን ቀሚስ ያዘች። "እታበባ፣ ለምንድነው እንደዛ የሚልሽ?"

እዚህ ላይ አቆምኩ። ማብራሪያ አይጨመርበትም።

ሐና "እህትህ ነኝ እኮ" ብላ ትጮኻለች፣ ትለምናለች፣ ትቆጣለች። ልክ እንደ ትልቅ እህት። ምንም አይሠራም። ሚጡ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ወሬ ትጀምራለች። ጥርሷ ሲወልቅ የነገራትን ውሸት ትነግረዋለች። ናኦድ ይስቃል።

"ማን ነው እንደዛ ያለሽ?"
"ወንድሜ።"
"ውሸታም ነው።"
"አዎ። ግን ጥሩ ነው የሚዋሸው።"

ጨረቃዋ እስክትጠልቅ ያወራሉ። የሚጡ ወሬ ቀስ በቀስ "ወንድሜ" ማለቱን ትቶ "አንተ" ማለት ይጀምራል። መቼ እንደተቀየረ እንዳይታወቅ አድርጌ ለመጻፍ ብዙ ደከምኩ፤ አሁን ያለው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

እሑድ፣ ይመለስለት ወይስ አይመለስለት

ከሁሉ የከበደኝ ውሳኔ ይህ ነው። መጨረሻ ላይ የናኦድ ትዝታ ይመለስ? መመለስ ቀላል ነው። ቀራጩ ይራራል፣ ወይም አንድ የተደበቀ ሕግ ይገኛል፣ ሁሉም ይስተካከላል። ልጆቹም ይደሰታሉ።

ግን የተከፈለ አይመለስም ብያለሁ። መጨረሻ ላይ ሕጉን ከሰበርኩ ሐና በየድልድዩ የከፈለችው ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ልጅ ሕግ ሲሰበር ያያል፣ ያዝንብሃልም። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅን ባዶ እጁን መስደድ አልፈልግም። ለስምንት ዓመት አንባቢ ተስፋ ግዴታ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

ስለዚህ አይመለስም፤ ናኦድ ግን "ተገኘሁ" ይላል። የሚለው ስላስታወሰ አይደለም። በዚያ ሌሊት የተነገረውን ታሪክ ስለወደደውና የዚያ ታሪክ ልጅ መሆን ስለፈለገ ነው። ቤት ሲደርሱ ሐናን "እታበባ" ይላታል፣ ሚጡ ስለነገረችው። ሐናም የጎደላትን ከሚጡ ትጠይቃለች። ሦስቱ አሁን ያላቸው ትዝታ ግማሹ የሆነባቸው፣ ግማሹ የተነገራቸው ነው። ሁላችንም እንዲሁ ነን እኮ። ሁለት ዓመት ሳይሞላን ያደረግነውን "አስታውሳለሁ" የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነግሮን ነው።

ለልጆቹ አነበብኩላቸው። አንዱ ተከፋ፣ "ቀራጩ ይመልስለት ነበር" አለ። ትንሿ ግን ዞር ብላ እህቷን "እኔ ሕፃን ሆኜ ምን አደርግ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። ውሳኔው ጸና።

ረቡዕ፣ ሥዕልና ፊደል

ሥዕሎቹ በጥቁር ቀለም ብቻ ናቸው። ቀለም ሲበዛ ኮፒ ላይ ይጨቀያል። ሐና የሰጠችው ትዝታ በሚታይበት ገጽ ላይ ሥዕሉን በሙሉ መስመር ሣልኩት፤ ከድልድዩ በኋላ ያው ሥዕል በነጠብጣብ ብቻ ይደገማል። ልጆቹ ያለ ማብራሪያ ገባቸው።

ጽሑፉን አቢሲኒካ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል፣ በ13 መጠን አስቀመጥኩት። የመስመር ርቀቱን አንድ ተኩል አደረግኩ፤ የእኛ ፊደል ጥቅጥቅ ብሎ ሲቀመጥ ለጀማሪ አንባቢ ዓይን ይከብዳል።

ቅዳሜ፣ ጥረዛው

አሁን ስለ 96። አንድ የኤ4 ወረቀት ከመሃሉ ስታጥፈው አራት የኤ5 ገጽ ይሰጥሃል። አራት ወረቀት አንዱን በአንዱ ውስጥ ስትከት 16 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ ይሆናል። ስድስት ጥራዝ 96 ገጽ ነው። መጽሐፉ 92 ወይም 99 ገጽ ሊሆን አይችልም ማለት ይቀለኛል፤ ባዶ ገጽ ካልወደድክ በ16 ማሰብ ነው ያለብህ። ምዕራፎቹንም ያሳጠርኩትና ያስረዘምኩት በዚህ ልክ ነው።

የገጾቹ አቀማመጥ መጀመሪያ ያደናግራል። በመጀመሪያው ጥራዝ ላይ ውጨኛው ወረቀት በአንድ ጎኑ 16 እና 1ን፣ በጀርባው 2 እና 15ን ይይዛል። ቀጥሎ ያለው 14 እና 3፣ 4 እና 13። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይሆናሉ። በሁለተኛው ጥራዝ ከ17 እስከ 32 ስለሆነ ድምሩ 49 ነው። ከማተም በፊት እየደመሩ ማየት ብዙ ወረቀት ያድናል።

ወረቀት ደግሞ የራሱ አቅጣጫ አለው። ቀስ አድርገህ ብታጥፈው በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይታገልሃል። እጥፋቱ እሺ በሚልበት በኩል ካልሆነ መጽሐፉ ሲከፈት አይተኛም፣ ጠርዙም ይሻክራል። ገበያ ላይ ያለው የኤ4 ወረቀት አቅጣጫው ብዙውን ጊዜ በርዝመቱ በኩል ነው፤ ለኤ5 እጥፋት የማይመቸው ያ ነው። አቅጣጫው በርዝመቱ የሆነ የኤ3 ወረቀት ገዝቶ ለሁለት መቁረጥ ነገሩን ይፈታዋል፤ ሲቆረጥ አቅጣጫው በአጭሩ ጎን ይሆናል፣ እጥፋቱም ይለሰልሳል። በካሬ ሜትር 100 ግራም የሚመዝነውን መረጥኩ፣ በ80 ግራሙ ላይ የሥዕሉ ጥቁር ወደ ጀርባ ያሳያል።

እያንዳንዱን ጥራዝ እጥፋቱ ላይ በወስፌ አምስት ቦታ በሳሁ። ቀዳዳዎቹ በስድስቱም ላይ ልክ እንዲገጥሙ አንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ ምልክት አድርጌ በሱ ነው የሠራሁት። ክሩን በሻማ ሰም ላይ ጎተትኩት፤ ሰም የነካ ክር አይቋጠርም፣ ቦታውንም ይይዛል። መርፌው ከውጭ ይገባል፣ በእጥፋቱ ውስጥ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ቀዳዳ ይወጣል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሥር ካለው ጥራዝ ክር ጋር ተቆላልፎ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ክሩን ወደ ጎን፣ ከእጥፋቱ ጋር ትይዩ አድርገህ ሳብ። ወደ ላይ ከሳብከው ወረቀቱ ይቀደዳል።

ጀርባውን ነጭ ኮላ ቀብቼ በቀጭን ጨርቅ ሸፈንኩ። ለሽፋኑ 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን። ኮላው እርጥበቱን ወደ ውስጥ ገጾች እንዳያሳልፍ በሽፋኑና በገጾቹ መካከል ፕላስቲክ አስገብቼ ከባድ መጻሕፍት ጭኜበት አደረ።

እሑድ፣ የመጀመሪያው ቅጂ

ተከፈተ፣ ተኛ፣ ክሩ ያዘ። የመጀመሪያውን ቅጂ የወሰደው "ቀራጩ ይመልስለት ነበር" ያለው ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ካርታው ላይ ቁጭ ብሎ ታችኛውን መንገድ በጣቱ ተከተለ።

ለሁለተኛው ቅጂ የማደርጋቸው ሁለት ለውጦች አሉ። ካርታው አሁን ያለው ገጽ 4 ላይ ነው፤ ልጆች እያነበቡ ደጋግመው ወደሱ ስለሚመለሱ ወደ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ይዛወራል፣ እዚያ በሁለት ገጽ ስፋት ይዘረጋል። ገጽ 4 ሲለቀቅ ደግሞ የሰጡትን ትዝታ ልጆች ራሳቸው የሚጽፉባቸው አምስት ባዶ መስመሮች ይገቡበታል፣ ለአንድ ድልድይ አንድ። ወረቀቱ ተቆርጧል፣ ነገ መበሳት እጀምራለሁ።